አዲስ ዴስክቶፕ ድርግም ይልብኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሰማያዊ ስክሪን (ደሴ)

የሰርግ ካሜራ

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከደሴ ነው። የሰርግ ቪዲዮ እቀርጻለሁ፣ ኤዲት አደርጋለሁ፣ ጎን ለጎን መጥሪያና ዶክመንት አትማለሁ። አዲስ አበባ ያስገጣጠምኩት ዴስክቶፕ ከመጣ ጀምሮ እረፍት ነስቶኛል። ዕቃው ይሄ ነው፦ ራይዘን 7 5700ኤክስ፣ ቢ550 ማዘርቦርድ፣ ሁለት ባለ 16 ጊጋ ራም (ፍጥነቱ 3600 ነው የተባለው)፣ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋ፣ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ፣ ባለ 1 ቴራ ኤስኤስዲ። ሁሉም አዲስ ነው። ካርቶኑ የተከፈተው ዓይኔ እያየ ነው።

አንዳንዴ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣና ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይል ድርግም። ኤክስፖርት ላይ (ያለቀውን ቪዲዮ ሳወጣ) ይብሳል፣ ግን ዝም ብሎ ክሮም ተከፍቶም ጠፍቶብኝ ያውቃል። ሻጩ ጋ ስደውል "ዊንዶውሱ ነው፣ ፎርማት ይደረግ" አለኝ። ፎርማት ተደረገ፣ ያው ነው። እዚሁ ደሴ ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ እነሱ ጋ ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ ዋለ፣ "ምንም የለውም" ብለው መለሱልኝ። ስቱዲዮ አምጥቼ ሥራ ስጀምር በዚያው ማታ ጠፋ። ጥር ደርሷል፣ ሰርግ ደግሞ ድገሙልኝ አይባልም። የምታውቁ እባካችሁ።

ጦሳ ሥር

አብሽሪ እህቴ። ፓወር ሰፕላዩን ቀይሪው። የኔም እንደዚህ ሲያደርግ ነበር፣ ቀየርኩት፣ ተገላገልኩ።

ሐይቅ ዳር

እኔ ሙቀት ነው የምለው። ደሴ ብርድ ስለሆነ ኮምፒውተር አይሞቅም የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ግን ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለችው። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ ስለዚህ ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያልፈው አየር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ኩለሩ ሥር ያለችው ላስቲክ ሳትነሳ የተገጠመ ኮምፒውተርም አይቻለሁ። ኤክስፖርት እያደረግሽ የፕሮሰሰሩን ሙቀት እዪው። የዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያው 90 ዲግሪ ነው።

የቦርከናው

ሰላም ናችሁ፣ ከኮምቦልቻ ነው። ኮምፒውተር በመጠገን ነው የምተዳደረው።

እህቴ፣ ለጊዜው ምንም ዕቃ እንዳትገዢ። ፎርማትም ይብቃ። እንዲያውም ራሙ ችግር ካለበት ዊንዶውስ ስትጭኚ የሚገለበጡት ፋይሎች ራሳቸው እየተበላሹ ሊገቡ ይችላሉ፣ ስለዚህ ፎርማቱ ሌላ በሽታ ጨምሮብሽ ይሆናል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ሰማያዊ ስክሪን ማለት ዊንዶውስ ስህተት አይቶ ራሱ ቆመ ማለት ነው። ድርግም ማለት ግን ዊንዶውሱ ራሱ አላወቀም፣ ከሥሩ ኃይል ተነጥቆበታል። ሁሉም ሰው "ኮምፒውተሩ ይጠፋል" ብሎ አንድ ላይ ያደርጋቸዋል፣ ከዚያ ለሁለቱም አንድ መድኃኒት ይፈለጋል። አንቺ የጻፍሽው ሁለቱንም ነው። ሁለት የተለያየ ችግር በአንድ ጊዜ ሊሆን ይችላል፣ አዲስ ዕቃ ላይም ይከሰታል።

ስለዚህ እነዚህን መልሺልኝ። ድርግም ሲል የሞኒተሩ ትንሿ መብራት አብራ ትጠፋለች ወይስ ብርቱካናማ ሆና ትቀራለች? ይቺ በጣም ታስፈልገኛለች። ብርቱካናማ ሆና ከቀረች ሞኒተሩ ኃይል አለው፣ የሞተው ኬዙ ውስጥ ነው። አብራ ከጠፋች ግን ችግሩ ከኬዙ ውጪ ነው፣ ማለትም ሶኬት፣ ዲቫይደር፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው)። ኬዙና ሞኒተሩ ምን ላይ እንደተሰኩ፣ ሌላ ምን አብሮ እንደተሰካም ጻፊልኝ።

ቀጥሎ ኢቨንት ቪወር የሚለውን ክፈቺ፣ ዊንዶውስ ሎግስ ውስጥ ሲስተም የሚለውን ምረጪ። ከርነል ፓወር 41 የሚል ቀይ ምልክት ያለበት መስመር ታገኛለሽ። እሱ ራሱ "በአግባቡ ሳይዘጋ ጠፍቷል" ከማለት በቀር ምንም አይነግርሽም፣ ብዙ ሰው 41 ሲያይ ፓወር ሰፕላይ ነው ብሎ ይሮጣል። ዝርዝሩን ስትከፍቺው ቡግቼክኮድ የሚል አለ። 0 ከሆነ ሰማያዊ ስክሪን አልተመዘገበም፣ ብዙ ጊዜ ኃይል ተቋርጦ ነው። ሌላ ቁጥር ካለው ሰማያዊ ስክሪን ነበር። ቁጥሩን እንዳለ ላኪልኝ።

ጦሳ ሥር

ጋሼ ትክክል ነው የምትለው፣ ግን ስንቱን ትፈትሽ? ፓወር ሰፕላይ ቀይሮ ማየት ይቀላል።

የቦርከናው

ወንድሜ፣ ደህና ፓወር ሰፕላይ ዛሬ በስንት እንደሚሸጥ ታውቃለህ። የሷን ሰማያዊ ስክሪንም ድርግም ማለቱንም ላያቆመው ይችላል። ዕቃ እየቀየሩ መሞከር መለዋወጫ የሞላው ሱቅ ላለው ሰው ነው። እኔም ሱቄ ውስጥ ቢሆን እንደዚያ ላደርግ እችላለሁ፣ እሷ ግን በኪሷ ነው የምትቀይረው።

የሰርግ ካሜራ

ጋሼ አሏህ ይስጥልኝ። ሁሉንም አየሁ።

ሙቀቱ፦ ኤክስፖርት ላይ ከ74 እስከ 78 ነው፣ ከዚያ አላለፈም። ሐይቅ ዳር፣ አመሰግናለሁ፣ ይሄኛው ደህና ይመስለኛል።

41 የሚለው ብዙ አለ። ከፊሉ ላይ ቡግቼክኮድ 0 ነው የሚለው። ከፊሉ ላይ 26፣ አንዳንዱ ላይ 10፣ አንድ ቦታ ደግሞ 80 አይቻለሁ።

የሞኒተሩን መብራት ያልከውን ማታ ጠብቄ አየሁት። አብራ ጠፋች። ሁለቱም ሞኒተር ጥቁር ሆነ፣ መብራቷም የለችም። ዩፒኤሱ ጢጢጢ ብሎ ጮኾ ነው የተዘጋው። የክፍሉ መብራት ግን አልጠፋም፣ ትንሽ ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ።

ዩፒኤሱ 650 ቪኤ ነው የሚለው። እሱ ላይ አንድ ዲቫይደር አለ፣ ዲቫይደሩ ላይ ኬዙ፣ ሁለቱ ሞኒተሮች፣ ዋይፋዩና ፕሪንተሩ ተሰክተዋል። ዩፒኤሱ ላይ 650 ይላል፣ ፓወር ሰፕላዩም 650 ነው፣ ስለዚህ እኩል ናቸው አይደል?

የቦርከናው

እኩል አይደሉም። ፕሪንተሩ ሌዘር ነው ወይስ ኢንክጄት?

የሰርግ ካሜራ

ሌዘር። ባለ ቀለም፣ መጥሪያ የምናትምበት። እህቴ ናት የምትሠራበት።

የቦርከናው

በይ ኃይሉን አገኘነው ብዬ አስባለሁ። ሥራሽን ሁሉ ሴቭ አድርጊና ኤክስፖርት ሳይኖር፣ ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ተከፍቶ እያለ፣ እህትሽ ፕሪንተሩን አጥፍታ ታብራው። አንድ ገጽም ታትም። ያኔ ዩፒኤሱ ከጮኸ ጨርሰናል።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። ሌዘር ፕሪንተር ውስጥ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ አቅልጦ የሚያጣብቅ ማሞቂያ አለ። ፕሪንተሩ ተኝቶ ሳለ የሚበላው ጥቂት ዋት ነው። ሲነቃ ግን ያ ማሞቂያ በአንድ ጊዜ ብዙ መቶ ዋት ይስባል፣ ትልልቆቹ 1,000 ዋትም ያልፋሉ። ለዚህ ነው ዩፒኤስ የሚሠሩት ሁሉ ሌዘር ፕሪንተር ባትሪው ላይ አትሰኩ የሚሉት።

አሁን ያንቺን 650 እንየው። ዩፒኤሱ ላይ የተጻፈው ቪኤ ነው እንጂ ዋት አይደለም። 650 ቪኤ የሚባሉት አብዛኞቹ የሚችሉት ከ325 እስከ 390 ዋት ነው። የፓወር ሰፕላዩ 650 ግን ራሱ ዋት ነው። ኮምፒውተርሽ ሙሉ ኃይሉን ሲሠራ ፕሮሰሰሩ እስከ 76 ዋት፣ ግራፊክስ ካርዱ 170 ዋት ይወስዳል። ማዘርቦርዱን፣ ፋኖቹን፣ ፓወር ሰፕላዩ በሙቀት የሚያባክነውን፣ ሁለቱን ሞኒተሮች ስትደምሪ ወደ 350 ዋት ትጠጊያለሽ። ፕሪንተሩ ሳይነቃ እንኳ ጫፍ ላይ ነሽ።

ማታ የሚብሰው ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲለኩስ መብራቱ ስለሚወርድ ነው። 220 መሆን የነበረበት ሲወርድ ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ ይዞራል። ባትሪ ላይ ሆኖ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ አያስታምምም፣ ይዘጋዋል። ጥገና ቤቱ ጋ ያልጠፋውም ለዚህ ይመስለኛል። እነሱ ጋ ዩፒኤስሽም ፕሪንተርሽም አልነበረም፣ ኮምፒውተሩ ብቻውን ቀጥታ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ነው የዋለው። ዕቃው ወደ ጥገና ቤት ሲሄድ የተሰካበትን ነገር አብሮ መጠየቅ የኛ የጥገና ሰዎች ሥራ ነበር።

26፣ 10 እና 80 ያልሽው ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም። 26 የሜሞሪ ማኔጅመንት ስህተት ነው። 10 እና 80ም ብዙ ጊዜ ወይ ራም ወይ ድራይቨር ናቸው። 292 ብትዪኝ ኖሮ ፕሮሰሰሩንና ቮልቴጁን እጠረጥር ነበር። እንዲህ ቁጥሩ እየተቀያየረ ሲመጣ እኔ ቅድሚያ ራም ነው የማየው። እሱን ቀጥለን እናየዋለን፣ መጀመሪያ የፕሪንተሩን ሞክሪልኝ።

መስመር ዘርጊ

ኤሌክትሪሻን ነኝ፣ ወልድያ። ጣልቃ ልግባና አንድ ነገር ልጠይቅሽ እህቴ። ኬዙን በእጅሽ ጀርባ ስትነኪው ይነዝርሻል?

የሰርግ ካሜራ

አዎ! ትንሽ እንደ መወረር። በባዶ እግሬ ስሆን ይብሳል። ሁሉም ኮምፒውተር እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

መስመር ዘርጊ

አርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የደህንነት ሽቦ) የለሽም ማለት ነው። ወይ ቤቱ ላይ የለም፣ ወይ ዲቫይደሩ ባለ ሁለት ሽቦ ነው። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ማጣሪያ አርዝ ካላገኘ የመስመሩን ግማሽ ያህል ቮልቴጅ ኬዙ ላይ ያስቀምጠዋል። መጠኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሰው አይገድልም፣ ግን ካሜራሽን ወይ ሃርድ ዲስክሽን በገመድ ስትሰኪ ፖርቱን ሊያቃጥል ይችላል። የከፋው ደግሞ አንድ ቀን እውነተኛ የሽቦ መነካካት ቢፈጠር ቆራጩ አይቆርጥልሽም። ለመጥፋቱ ምክንያት እሱ ነው አልልም። ግን አከራይሽን አናግሪና ባለሙያ ጠርተሽ የአርዝ ዘንግ መሬት ውስጥ ይቀበርልሽ። ዲቫይደሩንም ባለ ሦስት ሽቦ አድርጊው፣ ሦስት ቀዳዳ ስላለው ብቻ ሦስት ሽቦ አለው ማለት አይደለም፣ አስከፍተሽ እዪው።

ጦሳ ሥር

ታዲያ ስታብላይዘር ብትገዛ አይሻልም?

የቦርከናው

የዛሬ ፓወር ሰፕላይ አብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይሠራል፣ ጎኑ ላይ ተጽፏል። መብራቱ 180 ቢወርድም ግድ የለውም። እሱን የሚጎዳው መውረዱ ሳይሆን ጭራሽ መቋረጡ ነው፣ እንዲያውም ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሺህኛ) ያህል ብቻ ነው የሚታገሰው። ስታብላይዘር ደግሞ የተቋረጠ መብራት አያመጣም። ለፍሪጅ ግዛው፣ ለዚህ ኮምፒውተር ገንዘቡን ለተሻለ ዩፒኤስ ታስቀምጠው።

የሰርግ ካሜራ

ጋሼ!! ፕሪንተሩን ስታበራው ወዲያው ጢጢጢ አለና ሁሉም ድርግም። ኤክስፖርት የለ፣ ምን የለ። እህቴ ደንግጣ "ምን ነካሁ" አለችኝ። ሁለተኛም ሞከርነው፣ ያው።

አሁን ፕሪንተሩን ለብቻው ግድግዳ ላይ ሰካሁት። ከዚያ ወዲህ ድርግም አላለም። ሰማያዊው ግን አለ፣ ዛሬም ኤክስፖርት መሐል 26 አመጣ።

የቦርከናው

ጥሩ። አንዱ ሄደ። ዩፒኤሱ ጠባብ መሆኑ ግን እንዳለ ነው፣ ስለዚህ ትልቅ እስክትገዢ ሁለተኛውን ሞኒተርም ከሱ ንቀዪው፣ የግራፊክስ ካርዱንም የኃይል ጣሪያ ወደ 80 ከመቶ አውርጂው፣ ፍጥነቱ ብዙም አይቀንስብሽም። ስትገዢ 1500 ቪኤ ፈልጊ፣ ዋቱንም ጎኑ ላይ አንብቢ፣ ከተገኘ ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚለውን (ባትሪ ላይ ሆኖም እንደ መስመሩ ያለ ኃይል የሚሰጠውን)።

አሁን ወደ ራሙ። 3600 ተብሎ የሚሸጥ ራም ከፋብሪካ ሲወጣ በዝቅተኛ ፍጥነት ነው የሚነሳው። 3600 የሚሆነው ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ኤክስኤምፒ ሲበራ ነው፣ አንዳንድ ቦርድ ላይ ዲኦሲፒ ይለዋል። የፕሮሰሰርሽ መደበኛ ፍጥነት 3200 ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል እንጂ ዋስትና የለውም። ስለዚህ ባዮስ ገብተሽ ኤክስኤምፒውን አጥፊው።

ከዚያ ሜምቴስት 86 የሚባለውን አውርደሽ ፍላሽ ላይ ጫኚ። በነፃ ነው። ዊንዶውስ ሳይነሳ በፍላሹ ነው የሚነሳው፣ ነፃው አራት ዙር ይፈትሻል። 32 ጊጋ ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ ማታ አስጀምረሽው ተኚ። ጠዋት አንድ ቀይ መስመር እንኳ ካየሽ ራሙ ወድቋል። አንድ ስህተት ምንም አይደለም የሚልሽን እንዳትሰሚ፣ ትክክለኛው ቁጥር ዜሮ ነው።

ቀይ ካየሽ ኮምፒውተሩን ንቀዪ፣ አንዱን ራም አውጪ፣ ሌላውን ብቻ ከፕሮሰሰሩ ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ አድርገሽ ፈትሺ። ከዚያ ራሙን ቀይረሽ እዚያው ቀዳዳ ላይ። አንዱ ብቻ ከወደቀ ራሙ ነው። ሁለቱም እዚያ ቀዳዳ ላይ ከወደቁ ቀዳዳው ወይ ቦርዱ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፣ አለበለዚያ የቱ እንደፈወሰው አታውቂም።

ስታወጪው ጠርዙን ይዘሽ ነው፣ ወርቃማውን ክፍል በጣት አትንኪ። ስትመልሺው ቀጭ ብሎ እስኪቆልፍ ተጫኚው። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተንገጫግጮ የመጣ ኬዝ ውስጥ ራሙም ካርዱም ላልቶ አይቻለሁ።

ሐይቅ ዳር

ጋሼ በዚያው አንድ ልጠይቅህ። ያገለገለ 13ኛ ትውልድ አይ7 ኢንቴል ልገዛ ነው። ችግር አለባቸው ሲባል ሰምቼ ነበር።

የቦርከናው

ችግሩ በ13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ላይ ነው፣ ኢንቴል ራሱ በ2024 አምኖ ተናግሯል። ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቀ ቀስ በቀስ ይደክማል። ማስተካከያው በዚያው ዓመት በነሐሴና በመስከረም በባዮስ ማሻሻያ ወጥቷል፣ ዓመቱንም ወሩንም በፈረንጅ አቆጣጠር ያዘው፣ የባዮሱን ቀን የምታየው በሱ ስለሆነ። ግን ማሻሻያው የደከመውን አያድንም፣ ያልደከመውን ነው የሚጠብቀው። ያገለገለ ስትገዛ ደግሞ ምን ያህል ጊዜ ያለ ማሻሻያ እንደሠራ ማን ይነግርሃል? ኢንቴል ለነዚህ ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሟል፣ ሻጩ የዋስትና ወረቀት ካለው ግዛ። ከሌለው 12ኛው ትውልድ ውስጥ ይሄ ጣጣ የለም። ባዮስ ስታሻሽል ደግሞ መብራት እንዳይሄድብህ፣ ዩፒኤስ ላይ ሆነህ።

የሰርግ ካሜራ

ጠዋት ስነሳ ስክሪኑ በቀይ ተሞልቶ አገኘሁት። ኤክስኤምፒ ጠፍቶ ነው። አንድ በአንድ ፈተሽኳቸው። አንደኛው ንጹሕ ነው፣ ዜሮ። ሌላው ገና ከመጀመሩ ቀይ አወጣ፣ ቀዳዳ ቀይሬም ያው ነው። የቀዩን ስክሪን ፎቶ ለሻጩ በቴሌግራም ላክሁለት። ያ ሁሉ ቀን "ዊንዶውሱ ነው" ሲለኝ የነበረው ሰውዬ ፎቶውን አይቶ "እሺ ላኪው" አለኝ። የተበላሸውን ብቻ ልላክ?

የቦርከናው

ጎበዝ። ሁለቱንም ላኪ። እንደ ጥንድ ነው የተሸጡልሽ፣ አንዱን ብቻ ከቀየረልሽ ሌላ ዓይነት ቺፕ ያለው ሊደርስሽ ይችላል፣ ከዚያ አብረው አንስማማ ይላሉ። ራሞቹ ላይ ያለውን ሲሪያል ቁጥር ፎቶ አንሺ፣ ደረሰኙንም። በአውቶቡስ ስትልኪ በመጡበት ላስቲክ ውስጥ አድርገሽ፣ በወፍራም ነገር ጠቅልለሽ። አዲሶቹ ሲመጡ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ያንኑ ፍተሻ ደግመሽ አድርጊ፣ አዲስ ነው ብለሽ አትመኚ።

አንድ ከባድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትደነግጪ። የተበላሸ ራም ኮምፒውተሩን ከማጥፋቱ በፊት ዝም ብሎ ፋይል ያበላሻል። ከካሜራ ካርድ ወደ ኮምፒውተር የገለበጥሽው ሁሉ በዚያ ራም ውስጥ አልፏል። በዚህ ኮምፒውተር የገለበጥሽውን እያንዳንዱን ቪዲዮ ከፍተሽ እስክታዪ ድረስ ካርዶቹን ፎርማት እንዳታደርጊ። መጀመሪያውን ብቻ አይተሽ አትለፊ፣ መሐል መሐሉን እየዘለልሽ እዪ።

የሰርግ ካሜራ

ሁለቱንም ቀየረልኝ፣ ትናንት ደረሱ። ሌሊቱን ፈተሽኩ፣ አራቱም ዙር ዜሮ። ዛሬ ያንን የሚያስቸግረኝን የሰርግ ፊልም ኤክስፖርት አደረግኩት፣ እህቴ ከጎኔ መጥሪያ እያተመች፣ እስከ መጨረሻው ሄደ። መስመር ዘርጊ፣ ለአርዙም አከራዬ እሺ ብለዋል፣ ባለሙያው ሰኞ ይመጣል። ጋሼ፣ ኤክስኤምፒውን ልመልሰው?

የቦርከናው

እሰይ! 3200 ላይ አድርጊና ፈትሺ፣ ካለፈ ተዪው። ለኤክስፖርት በ3200 እና በ3600 መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ነው፣ በሰርግ ወቅት ለሱ ብለሽ እንቅልፍ አትጪ። ዊንዶውሱንም አሁን አንዴ እንደገና ጫኚው፣ የበፊቱ በተበላሸው ራም ነው የተጫነው። ፋይሎቹን አየሻቸው?

የሰርግ ካሜራ

እያየሁ ነው። እስካሁን አንድ አገኘሁ፣ የኒካሁ ቪዲዮ መሐል ላይ ምስሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቆራረጣል። ካርዱ ላይ ከፍቼ ሳየው ደህና ነው። እሱን ዛሬ ማታ እንደገና እገለብጠዋለሁ፣ የቀሩትን ደግሞ ነገ ከእህቴ ጋር ተካፍለን እናያለን።